ካምቢዮው ገጠመ ማለት ትራንስፈሩም ገጠመ ማለት ነው?

ሰሞኑን መድረካችን ላይ አንድ ክር ተከፍቶ ሥራ አስፈትቶን ነበር። ሙሉውን ለማንበብ ሁሉም ሰው ትዕግሥት ስለሌለው፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ ላውራችሁ። ስድቡን እዘለዋለሁ። የተወሰነው ግን ሳይታወቀኝ ሊያመልጠኝ ይችላል።

ክሩን የከፈተው ልጅ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ሞተሩ 3ኤል ነው፣ ባለ ፎር ዊል። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ሦስተኛ ላይ ይጮሃል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ማርሽ ይተፋል። ከማሠራት መግዛት ይሻላል ተብሎ ሶማሌ ተራ ሲዞር ከርሞ አንድ ያገለገለ ካምቢዮ አገኘ። ከተርቦ ቶዮታ የወጣ አር 151 ኤፍ ነው። ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ግን የለም፤ ለብቻው ተነጥሎ ተሸጧል። ሻጩ ምን ችግር አለው፣ የራስህን ትራንስፈር ከኋላው ገጥመህ መንዳት ነው ብሎታል። ልጁም ቀብድ ጣል አድርጓል። ጥያቄው እንግዲህ የድሮው ትራንስፈር ከዚህ ካምቢዮ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ካልሄደስ ምን ምኑ መቀየር አለበት የሚል ነው። ሁለት ፎቶ አያይዟል። አንዱ ጨልሟል፣ ሌላው ላይ ከካምቢዮው ይልቅ የሻጩ ነጠላ ጫማ አምሮ ወጥቷል።

መልስ 1 ሻይ ሳይበርድ ነው የመጣው። ቡሎኑ ከገጠመ ሁሉም ይገጥማል፣ ቶዮታ ያው ቶዮታ ነው የሚል። መልስ 2 ደገፈው፤ የአጎቱ ልጅ እንዲሁ አድርጎ ጅማ ደርሶ ተመልሷል። የትኛውን ካምቢዮ ከየትኛው ትራንስፈር ጋር እንዳጋጠመ ግን አልነገረንም። እንዲህ ያለ የአጎት ልጅ ከየትኛውም ክር አይጠፋም።

ነገሩን መስመር ያስያዘው መልስ 3 ነው። ወንድሜ ብሎ በትሕትና ጀመረ። ከካምቢዮው ወጥቶ ትራንስፈሩ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ጫፉ ላይ ዙሪያውን ጥርስ አለው፣ ስፕላይን የሚባለው። ትራንስፈሩ ውስጥ ይህን ዘንግ የሚቀበለው ማርሽ ደግሞ ሆዱ በዚያው ልክ የተቆፈረ ነው። ተርቦ በሌላቸው ባለ አራት ሲሊንደር ሃይሉክሶች ላይ የእነዚህ ጥርሶች ቁጥር 21 ነው። ከተርቦዎቹና ከቪ6ቱ (ባለ ስድስት ሲሊንደሩ) ጋር በሚመጡት አር 151 ኤፍ እና አር 150 ኤፍ ላይ ግን 23 ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ለቀዳዳ ሊገጥም ይችላል፣ ውስጡ ግን አይገባም። ደግሞ የቪ6ቱ ትራንስፈር በሰንሰለት የሚሠራ ስለሆነ፣ ከሃይሉክሱ በማርሽ ብቻ ከሚሠራው ትራንስፈር ጋር እንዳታምታታው ብሎ አስጠነቀቀ።

መልስ 4 ራሱ የክሩ ባለቤት ነው። ሻጩን ደውሎ ጠይቆት፣ ሻጩ በልጆቹ ምሎ አንድ ነው ብሎታል። በዘይት የጠቆረውን ዘንግ በዓይን እንዴት አድርጌ ነው የምቆጥረው ሲልም ጠየቀ።

እዚህ ላይ መልስ 5 መጡ። መጡ የምለው ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ፀጉራቸውን ያሸበቱ መካኒክ ስለሆኑ ነው፤ መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቆጠራው እንዲህ ነው አሉ። ዘንጉን በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ አጽዳው። አንዱን ጥርስ በነጭ ጠመኔ ቀባው። ከእሱ ቀጥሎ ካለው ጀምረህ፣ በጥፍርህ አንድ በአንድ እየነካህ፣ የተቀባው እስኪመለስ ቁጠር፤ የተቀባውም ይቆጠራል። በዓይን የሚቆጥር ሰው መሐል ላይ ይጠፋበታል፣ ጥፍር ግን አይሳሳትም። ያው ጥፍር ሌላም ሥራ አለው። ጥርሱን ከሥር ወደ ጫፍ በጎኑ ሳበው፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ደረጃ ካደናቀፈህ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ የተበላ ዘንግ ላይ አዲስ ማርሽ ብታስገባ አዲሱን ይበላዋል፣ የተበላ ማርሽ አዲስ ዘንግ ላይ ብታስገባም እንደዚያው። ሁለቱን አብረህ ቀይር አሉ።

ይህን መልስ ለብቻው ገልብጣችሁ አስቀምጡት። እኔ አስቀምጫለሁ።

መልስ 6 ግን የጋሼን ጽሑፍ ያነበበ አይመስልም። ምን አስጨነቀህ፣ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስደህ ጥርሱን ሞልተው በብየዳ፣ እንደገና በ21 ይቆርጡልሃል አለ። መልስ 7 ይህ ሰው መካኒክ ነው ወይስ አንጥረኛ ብሎ ጠየቀ። መልስ 8 ከዚያ ባሰ። እሱን አልደግመውም፣ የ6ን እናት ሁሉ ስለነካካ አስተዳዳሪው ቆርጦታል።

ከቁጣው ሥር ያለው ነገር ግን ትክክል ነው። የካምቢዮ ዘንግ ላዩ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። ውስጡ ለስለስ ይላል፣ እንዳይሰበር። ላዩ ጠንካራ ነው፣ እንዳይበላ። ብየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ ቶርኖው ላዩን ሲልጠው ደግሞ ለስላሳው ይወጣል። ቶርኖ ቤቶቻችን የማይሠሩት ነገር የለም፣ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ፤ ይህ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ዘንጉ ከጋራዥ ሲወጣ ይሠራል። ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦን ሲጀምር ነው ጉዱ የሚፈላው።

መልስ 9 የኔ ነው። ሁለት ነገር ነው የጻፍኩት። አንደኛው፣ ኮፈኑን ክፈትና የመኪናውን የሞዴል ሰሌዳ አንብብ የሚል። ቶዮታ እዚያ ላይ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን መለያ በአንድ መስመር ይጽፋል። መኪናው ስንት እጅ እንደዞረ ስለማይታወቅ፣ ሰሌዳው ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው የሚነግርህ። ቢሆንም መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ከፊት ያለውን አትርሳ የሚል። ሁሉም ሰው ስለ ኋላው ሲከራከር ከሞተሩ በኩል ያለውን ማንም አላነሳም። በአር ዓይነቶቹ ላይ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ካምፓና በቡሎን የሚፈታ ስለሆነ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ካምፓና እንደ 3ኤል ላሉት የኤል ሞተሮች የተሠራው መሆኑን ማየት አለበት። የፍሪሲዮኑን ሸራ ደግሞ በእጁ ይዞ ሶማሌ ተራ ይሂድ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ዘንጉ ላይ ያንሸራትተው። ሸራው ሳይገፋ ጥርሱ ላይ ሄዶ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከተቀረቀረ ወይም ከተንገዋለለ ሸራውም አብሮ ይቀየራል።

መልስ 10 የጻፈችው ላንድክሩዘር ያላት የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ናት፤ ኤችዜድጄ75፣ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ኤች 55 ኤፍ ካምቢዮ። የሷ ጉዳይ ከልጁ ይለያል፣ ግን የዚያው በሽታ ዘመድ ነው። መኪናዋ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ከሥር ጓ ይል ነበር። ኃይል ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደውን ዘንግ መታጠፊያ፣ ክሮቼራውን፣ ቀየሩላት፣ አልተወውም። ዲፈረንሻሉን ከፈቱት፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ሲታይ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና ትራንስፈሩ ውስጥ የሚቀበለው ማርሽ ተበላልተዋል። ይህ በላንድክሩዘሮቹ ላይ የታወቀ ነገር ነው። መጀመሪያ የሠራላት ጋራዥ ማርሹን ብቻ ቀይሮ ሰጣት፣ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተመለሰ። ጋሼ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ ያሉት ለምን እንደሆነ በገንዘቧ ነው የገባት።

መልስ 11 ከዚሁ ላይ ተነስቶ ስለ ዘይት ጠየቃት። ትራንስፈሩ ይሞላብሻል፣ ካምቢዮው ይጎድልብሻል ወይ? አዎ አለች፣ በመልስ 12። ትራንስፈሩን ለማየት የመሙያውን ቡሎን ስትፈታ ዘይቱ ተገንፍሎ እጅጌዋን አልብሷታል። ምክንያቱ በሁለቱ መሐል ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ፓራኦሊው፣ ሲያልቅ ዘይት ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ ስለሚሻገር ነው። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አታይም። ካምቢዮው ግን በደረቁ ይሠራል፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው ኩሺኔታ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ያንን ፓራኦሊ ሳይቀይሩ መልሶ መግጠም ሞኝነት ነው ያለችው ልክ ናት። ካምቢዮ ለማውረድ የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ የሚያውቅ ሰው በፓራኦሊ ዋጋ አይከራከርም።

ከዚያ መልስ 13 በድፍረት ገባ። የትራንስፈሩ ሎው (ለከባድ መንገድ የሚገባው ቀርፋፋ ማርሽ) ቁጥር ከፊትና ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር ካልተስማማ ዲፈረንሻሉ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ሌላ ትራንስፈር መግጠም ወንጀል ነው አለ። መልስ 14 አስተካከለው፣ ትንሽ በንቀት። ትራንስፈሩ ሎው ሲገባ የፊቱንም የኋላውንም እኩል ነው የሚያዘገየው። እርስ በርስ መመሳሰል ያለባቸው ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ናቸው፤ የፊቱ ቁጥር 4.10 (ጎማው አንዴ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) ሆኖ የኋላው 4.30 ከሆነ፣ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ስታስገባ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፣ ያኔ ነው የሚሰበረው። 13 አላመነም። 14 አንድ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያልተማረ ሰው ብሎ ጨመረበት። ያ አላስፈለገም ነበር፤ ስህተቱ በጣም የተለመደ ነው፣ መካኒኮችም ይሳሳቱታል።

መልስ 15 ሁለቱን ለማስታረቅ ይመስለኛል፣ ስሌት ይዞ መጣ። የሃይሉክሱ በማርሽ የሚሠራው ትራንስፈር ሎው 2.28 ነው። የአር 151 ኤፍ አንደኛ ማርሽ 4.31 ነው፣ የአር 150 ኤፍ ደግሞ 3.83። ዲፈረንሻሉ 4.10 ነው ብንል በመጀመሪያው ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፣ በሁለተኛው ወደ 36 ነው። ከጎሃ ፅዮን ወደ አባይ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት በፍሬን ሸራ ይታያል። አዲስ አበባም ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ ያህል አየሩን አጥቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ 3ኤል ላይ አጠር ያለ፣ ማለትም ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ አንደኛ ማርሽ አይጠላም። ሁለቱ ካምቢዮዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ ግን ሻጭ አር ነው ስላለህ ብቻ የትኛው አር እንደሆነ አታውቅም።

መልስ 16 አጭር ናት፦ ኪሎሜትር ቆጣሪውን አትርሱ። በፎር ዊል ሃይሉክስ ላይ ቆጣሪውን የምታዞረው ትንሽ ጥርስ ያለችው ትራንስፈሩ ላይ ነው። ትራንስፈር ከተቀየረ አሮጌዋን አውጥቶ ማስገባት ነው፣ ያለበለዚያ ቆጣሪው ይዋሻል።

ከ17 እስከ 20 ድረስ ክሩ ተበላሸ፣ ግን ደስ በሚል መንገድ። አንዱ ላዳ ኒቫ ያለው ሰው፣ እናንተ የምታወሩት ችግር እኔ ጋ የለም አለ። እውነቱን ነው። ኒቫ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ስትሠራ ትራንስፈሯ ከካምቢዮው ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ መሐላቸው አጭር ዘንግ አለ። ካምቢዮ ብትቀይር ትራንስፈሩን አትነካውም። መልስ 18 ወዲያው ለዚህ ነዋ መኪናህ እንደ ወፍጮ የሚንቀጠቀጠው አለው። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ጋር በአንድ መስመር ካልተቀመጠ ኒቫ መላ አካሏን ትነቀንቃለች፤ ቡሎኖቹን ላላ አድርጎ እያንቀሳቀሱ መስመሩን መፈለግ የባለ ኒቫ ዕጣ ነው። ከዚያ ስለ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ተነሳ፣ ስለ ፒያሳ ተነሳ፣ በኮሪደር ልማት ስለፈረሰው ሰፈር ተነሳ፣ አንዱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። መልስ 20 ካምቢዮ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ብሎ በተናቸው።

21 ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ግዙና ተገላገሉ አለ። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህ ሰው የማይገባበት ክር የለም። 22 ኤሌክትሪኩም ማርሽና ዘይት አለው፣ ማርሽ አይቀያይርም እንጂ ብሎ መለሰለት፤ ከዚያ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ አማረረ። እዚህ ላይ የተከራከረ የለም።

መልስ 23 አስገረመኝ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ሁላችሁም ሻጩን ሌባ አደረጋችሁት አለ፣ ቆጣ ብሎ። ካምቢዮና ትራንስፈር ተነጣጥሎ የሚሸጠው ገዢው ስለሚጠይቅ ነው፤ ትራንስፈሩ የተበላሸበት ሰው ካምቢዮ አይገዛም። ነጋዴው የሚያውቀው ከየትኛው መኪና እንደወጣ እንጂ ጥርስ ቆጥሮ አይደለም። ቆጥራችሁ ኑና እንደ ቁጥራችሁ ጠይቁን አለ። ልጁ ግን የራሴ ይገጥማል ወይ ብሎ ጠይቆ ይገጥማል ተብሎ ተምሎለታል። ይህን መልስ 24 አነሳበት፣ ነጋዴውም ዝም አለ።

መልስ 25 ላይ ልጁ ተመለሰ። ጠመኔና ጨርቅ ይዞ ሄዶ ቆጥሯል። የሱቁ ካምቢዮ 23 ነው። የራሱ ትራንስፈር ከመኪናው ወርዶ ስለነበር እሱንም ቆጥሮታል፣ 21 ነው። ሸራውን ዘንጉ ላይ ሞክሮታል፣ ሄዷል። ካምፓናውም የኤል ነው። ሻጩ መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ አብረው ቆጠሩ፣ ከዚያ ቀብድ አይመለስም፣ ሌላ እቃ ግን ውሰድበት አለ።

ክርክሩ ሁለት ላይ ቆመ። 26 የሚቀበለውን ማርሽ ብቻ ባለ 23 ፈልገህ የራስህ ትራንስፈር ውስጥ አስገባ አለ። ይቻላል። ጋሼ በ27 መጥተው አዎ ይቻላል፣ ግን ትራንስፈሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ ኩሺኔታውም አብሮ ይታያል፣ ከሌላ ትራንስፈር የወጣ ማርሽ ደግሞ ከአንተው ጥርስ ጋር ስላልተላመደ ሊያፏጭ ይችላል አሉ። የሳቸው ምርጫ ካምቢዮና ትራንስፈር አብረው የኖሩትን፣ ሳይነጣጠሉ፣ አንድ ላይ መግዛት ነው። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ለብቻው ርካሽ የሆነው ካምቢዮ ትራንስፈሩን ፍለጋ ሲዞሩ የሚያወጣውን ቀንና የደላላ ብር ማንም አይደምረውም።

28 ያልታሰበ ነገር አነሳ። አዲሱ ጥንድ ከድሮው በቁመት የሚለይ ከሆነ ከሥር የሚይዘው ሱፖርቶ ከሻንሲው ቀዳዳ ጋር አይገናኝም፣ ወደ ፊቱና ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚሄደው ፕሮፔለር ሻፍትም ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ስለዚህ ከካምፓናው ፊት እስከ ትራንስፈሩ የኋላ ፍላንጅ በሜትር ለካ፣ የማርሽ እጀታውም ከወለሉ ቀዳዳ በታች መዋሉን እይ አለ። ልጁ በ29 እንደሚለካ ጻፈና በቀብዱ ምትክ ሙሉ ጥንድ እንዲፈልግለት ከሻጩ ጋር መስማማቱን፣ የቀረውን ሒሳብ ግን ለክቶና ቆጥሮ ካልሆነ እንደማይሰጥ ነገረን።

30 የድሮውን ካምቢዮ ትሸጠዋለህ ወይ ሲል ጠየቀ፤ ዶልፊን ሚኒባስ አለው፣ ያው የኤል ሞተር ነው። ጋሼ ልጁን ቀድመው መለሱለት። ፊቱ ሞተሩን ይይዛል፣ ኋላው ግን ትራንስፈር እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ዘንጉም ጭራውም የዶልፊን አይደለም፣ ማርሽ የሚቀያየርበትም መንገድ ይለያል። ከውስጡ የሚወጣ ጥርስ ካለ ሁለቱን ተከፍተው ጎን ለጎን ማየት ነው አሉት። ልጁም ሦስተኛው እንደሚጮህ ሳይደብቅ ነግሮ ዋጋ ጠራ። ባለ ዶልፊኑ ግማሹን ሰጠ። ቀሪውን በውስጥ መስመር ጨርሱ ተባሉ።